ከኦቨርድራይቩ ፊት ያስቀመጥኩት ቡስት

ደርግ ወድቆ ሰዓት እላፊው ከተነሳ በኋላ ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎች እሁድ እሁድ ከሰዓት ባንድ ያጫውቱ ነበር። እኛም አራት ሆነን በአንዱ እንሠራለን፤ እኔ ሊድ ጊታር ነኝ፣ በዕድሜም በሆድም ከሁሉ የምቀድም። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ኪቦርድ ታቅፎ መጣ። ድራሙም፣ ቤዙም፣ ዋሽንቱም ከዚያች ሰሌዳ ይወጣል፤ ምሳ የሚበላው ግን አንድ ሰው ነው። የሆቴሉ ባለቤት፣ ቆፍጣና እናት፣ "የፊታችን እሁድ አብራችሁ ተጫወቱ፤ ሰምቼ ወይ እናንተን ወይ እሱን እቀጥራለሁ" አሉን።

እኔ የተማመንኩት በፔዳሎቼ ነበር። ኦቨርድራይቭ የምትባል፣ በእግር ስትረገጥ የጊታር ድምፅ የምታሻክር ትንሽ ቆርቆሮ አለችኝ። ለዚያ እሁድ ብዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ቡስት አስመጣሁ፤ እሱ ድምፅ የሚገፋ ነው። ሶሎዬ ላይ ረግጬው ኪቦርዱን ልቀብረው! ጉልበተኛ ከፊት ይሁን ብዬ ቡስቱን ከኦቨርድራይቩ አስቀድሜ ሰካሁት፤ አምፕሊፋየሩንም እስከ ጥግ ከፈትኩት።

ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ገመዱን አየና፣ "ስማ፣ አምፑ ጠግቧል። ቀንስለትና ቡስቱን ከኦቨርድራይቩ ኋላ አድርገው" አለኝ።

"አንተ ባለ አራት ክር፣ በስድስት ክር ምን አገባህ?"

"እሺ ጌታዬ። የጠገበ ሲያጎርሱት ያገሳል እንጂ አይጎርስም።"

ተሳሳቅን። እኔ ግን አልቀነስኩም። በእኛ ዘንድ አምፑን የቀነሰ ጊታሪስት ሱሪው የወለቀ ያህል ነበር።

እሁድ ሶሎዬ ደረሰ። ወደ ፊት ወጣሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቡስቱን ረገጥኩ። ድምፁ ወፈረ፣ ሻከረ፣ ጉሮሮው የታመመ ሰው መሰለ፤ ከፍ ግን አላለም። ኪቦርዱ በላዩ ይንሳፈፋል። ዓይኔን ስገልጥ ሰዉ ዓሣውን ከአጥንት እየለየ ነው፤ ዳር የቆመው አባ ኮዳ፣ ያ ትርፍራፊ ጠባቂ ወፍ እንኳ የሚያየው ዓሣውን ነው።

ሴትየዋ ጠሩኝ። "ልጄ፣ ሶሎ ያልከው የቱ ጋ ነበር?"

"አሁን የጨረስኩት ነው፣ እትዬ።"

"ውይ! እኔ እኮ ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ።"

ጎረምሳው ተቀጠረ፤ ባንዳችን ተበተነ። ጓደኛዬ ቤዙን ሸጦ ሻሸመኔ ሱቅ ከፈተ። ስንገናኝ ስለ ልጆች እናወራለን፣ ሙዚቃ አናነሳም። እንዲህ እንደሆንን እሱ ሞተ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ እዚያው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ባለው ቤቴ የፔዳሎቹን አቧራ አራገፍኩ። ሟቹ ጓደኛዬ እንዳለው አደረግኩ፤ አምፑን ዝቅ፣ ኦቨርድራይቩን ከፊት፣ ቡስቱን ከኋላ። ረገጥኩት። ያችው ሶሎ ጥርት ብላ ብድግ አለች፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

"ኧረ ቀንሰው፣ አንተ ሰውዬ! ጎረቤት ምን ይለናል?" አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

ስንት ዘመን የጠበቅኩት አድናቆት! ለዚያ ጓደኛዬ ነግሬው ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። ሶሎዋን ደገምኳት። ከፍ ብላ ተሰማች፤ ከሥሯ ግን ቤዝ የለም።