የጉድጓዱ ቅቤ

እኔ መጥፎ ሽታ አልችልም። ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግ! ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ባሌ እኔንና ጡት የሚጠባ ልጃችንን ይዞ ቡታጅራ እናቱ ቤት አስገባን። እዚያ ከጣሊያን ይልቅ የገደለኝ ከጓሮ የሚመጣው የቆጮ ጉድጓድ ሽታ ነው። እንሰቱ ይፋቅና በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ከመሬት በታች ለወራት ይብላላል። እነሱ እያወጡ ይጋግሩታል። ለእኔ ለቡልጋዋ ልጅ ግን፣ ኤጭ! በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አፍንጫዬን በነጠላዬ እይዛለሁ፣ ባሌ ይስቃል።

"ትለምጂዋለሽ" ይለኛል።

"ሳልለምደው ትቀብረኛለህ" እለዋለሁ።

አማቴ ግን አይስቁም። ሰው ማንነቴን ሲጠይቃቸው "የልጄ ሚስት ናት፣ ያቺ የቡልጋዋ" ይላሉ። አንድም ቀን በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

የሰፈሩ ሴቶች ለመስቀል ቅቤ የሚያጠራቅሙት በማኅበር ነው፣ ውጆ ይሉታል። እያንዳንዷ ከላሟ ያገኘችውን ታመጣለች፣ ዋዜማው ሲደርስ ይከፋፈላሉ። የዚያን ዓመት ማሰሮው እኛ ቤት ተቀመጠ። ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ።

"ይኼ ቅቤ የጠፋ እንደሆነ ሰፈሩ መስቀልን በደረቁ ይውላል" አሉኝ አማቴ። "ያጠፋችውም ባዳዋ ናት ይባላል። ስሚኝ፣ እኔም እላለሁ።"

እንዲህ ተብሎ እንቅልፍ ይወስዳል? በዚያ ላይ ጣሊያኖቹ ለሹሞቻቸው ወጥ ቤት ቅቤና እንቁላል በየቤቱ እየገቡ መውሰድ ጀምረዋል። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን በአጥር ላይ "መጡ!" ብላ ጮኸች። አማቴ ማሰሮውን አንስተው ወደ ጓሮ ሮጡ፣ ተከተልኳቸው። አፉን በኮባ ሸፍነው በቃጫ አሰሩትና የጉድጓዱን ድንጋይ አስነሱኝ።

"ወገቤ አይታጠፍልኝም። አንቺ አስገቢው።"

"እማማ፣ እዚያ ውስጥ እጄን ከምከት..."

"በይ አልኩሽ!"

ተንበረከክሁ። ክንዴ እስከ ብብቴ ገባ። ያ ለብ ያለ፣ እርጥብ፣ የሚያሟልጭ ነገር በጣቶቼ መሀል ሲሾልክ አንገሸገሸኝ። ፊቴን አዙሬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ማሰሮውን ቀበርኩት። ክንዴን በሣር ብፈትገው፣ በአመድ ባሸው፣ ሽታው ወይ ንቅንቅ!

አንድ ወታደርና የሚያስተረጉምለት ቱርጁማን ገቡ። መደቡን፣ ቆጡን፣ የልጄን መኝታ ሳይቀር በረበሩ። ምንም ሲያጡ ወደ ጓሮ ወጡና ጉድጓዱ ላይ ቆሙ።

"እዚህ ምን አለ?" አለ ቱርጁማኑ።

"ምግብ" አሉ አማቴ።

ወታደሩ ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ በያዘው ዱላ ወጋ ወጋ አደረገው። ከዚያ፣ ሞኝ አይደል፣ የዱላውን ጫፍ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። እንሰቱን ተደግፎ ቁርሱን መለሰው። ጣሊያን እንደ ሰው የገባኝ በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። አፋቸውን ይዘው ሄዱ፣ ሁለተኛም አልመጡ።

በመስቀል ዋዜማ ማሰሮውን አወጣሁት። ወይ ጉዴ! ለካ ያ ዱላ ኮባውን በስቶታል። የቆጮው ውሃ ቅቤው ላይ አቅርሯል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አጠብኩት። ኮሰረትና ኮረሪማ ጨምሬ አነጠርኩት። ሲግል ጭራሽ ባሰበት፣ ቤቱን ሞላው። ባሌን ጠርቼ አስሸተትኩት።

"እግዜር ይሁንሽ" ብሎኝ ልጁን አቅፎ ወጣ። አይ ወንድ!

ሴቶቹ ድርሻቸውን ሊወስዱ ቅላቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። አማቴ ገና ለቅምሻ ያዘጋጀነው ክትፎ በቅቤው ሳይታሽ ሽታው ደርሷቸዋል፣ አፍንጫቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አንድ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ አደረጉ። አላመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይኼ" አሉ፣ "እናቴ ቤት የበላሁት ቅቤ ነው። ከሞተች ወዲህ ይኼን ጣዕም ዛሬ ገና አገኘሁት።"

ሌሎቹም ቀመሱ። ጣታቸውን ይልሱ ጀመር። አንዷ ማን እንዳነጠረው ጠየቀች። አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"የኛ ልጅ ናት" አሉ።

ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ። ቆጮው አለበት፣ ያ ቅቤ በጣቶቻቸው መሀል ይንጠባጠባል። ያን የመሰለ የሚቀፍ ነገር በዕድሜዬ ጎርሼ አላውቅም። እስከ መጨረሻው ዋጥኩት፣ እንባዬም ዱብ ዱብ አለ።

ባሌ ተመልሶ ገብቶ ኖሮ፣ "ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?" አለኝ።

"ሽታው ነው" አልኩት።