የአያቴ ድምፅ

ትናንት አዳማ መናኸሪያ ጋ የምርጫ ወረቀት ሲለጥፉ የሙጫው ሽታ አያቴን አመጣብኝ።

በደርግ ጊዜ ለሸንጎ ሲመረጥ የሰፈራችን ተወዳዳሪዎች ምልክት ዝሆንና ቀጭኔ ነበር። ዝሆኑ ፓርቲው የሚፈልገው ሰው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አያቴ ዓይናቸው ስለደከመ እጃቸውን ይዤ ሙጫ ሙጫ ወደሚሸተው የቀበሌ አዳራሽ ገባን። ከመጋረጃው ጀርባ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «ቀጭኔዋን ምረጪልኝ» አሉኝ። ከውጭ የካድሬው ጫማ ወዲህ ወዲያ ሲል ይሰማኛል። እርሳሱን ዝሆኑ ላይ አሳረፍኩት።

መንገድ ላይ፣ «መረጥሽልኝ?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና ፈገግ አሉ። «ተመስገን። እዚህ ሰፈር አንድ ያልፈራ ሰው አለ ማለት ነው።»

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ እስኪያርፉ ድረስ፣ ይህን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወሩ ነበር። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።