ፊቴን ወደ ግድግዳው ያዞርኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ልጆች ቤቴ መጥተው ጠሩኝ። ግቢያችን ውስጥ የውሃ ታንከሩ የቆመበት ብረት ዝጓልና ምን ያህል እንደተጎዳ እንድመለከትላቸው ነበር። ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ቡናማው ልጣጭ ተነሳ። የረጠበ ብረት የራሱ ሽታ አለው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዝበታል፤ እኔን ግን ወጣትነቴን ያስታውሰኛል።

መስማት ያቆምኩት በሰባት ዓመቴ ነው፤ ማጅራት ገትር ታምሜ። ፊደል ቀድሜ ቆጥሬ ስለነበር ማንበብ አልከበደኝም። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ኮሌጅ ምህንድስና ልማር ስገባ ግን ከክፍሉ የማልሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኃላፊ እናቴን አስጠርተው «ለእሷ ልብስ ስፌት አይሻላትም?» ብለዋት ነበር። እናቴ «መርፌ ስትይዝ አይተዋት አያውቁም» ብላ ወጣች።

ስለ ብረት የሚያስተምሩን ጋሽ ታደሰ ከንፈራቸውን የሚሸፍን ትልቅ ሪዝ ነበራቸው። አንድ ቀን በቁራጭ ወረቀት «ጋሼ፣ ሪዝዎ አፍዎን ይሸፍንብኛል» ብዬ ሰጠኋቸው። አነበቡትና ኪሳቸው ከተቱት። ሰኞ ዕለት ተላጭተው መጡ። ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ እሳቸው ወደ እኔ ዞረው ማስተማር ጀመሩ። ባለቤታቸው በዚህ ምክንያት ምን ያህል እንዳኮረፏቸው ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው።

በከንፈር የማይያዘውን ነገር ደግሞ ከድጃ ትነግረኝ ነበር። ሰንጋ ተራ አብረን ያደግን ጎረቤቴ ናት። የምልክት ቋንቋ የተማረችው በልጅነታችን፣ ትልልቅ ሰዎች ፊት ተቀምጠን እነሱኑ ለማማት ነው። እዚያው ኮሌጅ አካውንቲንግ ትማር ነበር፤ ክፍሏ በሌለ ሰዓት እየመጣች ታስተረጉምልኛለች። ለ«ዝገት» የምናውቀው ምልክት ስላልነበረ የራሳችንን ፈጠርን፤ የአንዱ እጅ ጣቶች የሌላውን እጅ ጀርባ ቆርጠም ቆርጠም ያደርጋሉ።

የመመረቂያ ሥራዬም ስለ ዝገት ነበር። የከድጃ አባት፣ አባባ ሱሩር፣ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ። ክረምት ሲገባ ከሱቃቸው አዲስ ቆርቆሮ ወስጄ ቆራረጥኩት። ግማሹን ጣራቸው ላይ ዘርግቼ ለዝናብ ተውኩት፤ ግማሹን እርጥበት ባለበት መጋዘናቸው ውስጥ ደራርቤ በሽቦ አሰርኩት። ክረምቱን ሁሉ መሰላል ስወጣና ስወርድ አባባ ሱሩር ከታች መሰላሉን ይይዙልኛል፤ ስወርድ የተጠበሰ በቆሎ ይሰጡኛል። መስቀል ሲደርስ የጣራው ቆርቆሮ ከመደብዘዝ በቀር ምንም አልሆነም። የመጋዘኑ ግን ነጭ ዱቄት አውጥቶ ቦታ ቦታው ላይ ቀልቷል።

«ዝናብ ያልነካው ነው የተበላው?» አሉ አባባ ሱሩር። በማግስቱ ለሽያጭ ባስቀመጡት ቆርቆሮ መሃል ሁሉ እንጨት አስገቡበት።

ጥቅምት ላይ ሦስት ፈታኞች ፊት ቀረብኩ፤ አንዱ ጋሽ ታደሰ ነበሩ። መሃል የተቀመጡት ዶክተር የአባባ ሱሩርን ጥያቄ ጠየቁኝ። በእጄ መለስኩ፤ ከድጃ በድምፅ ተናገረችልኝ። ጣራ ላይ ያለው ዝናቡ ካባራ በኋላ ይደርቃል፤ አየር ስለሚያገኝ ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ለራሱ መከላከያ ሽፋን ይሠራል። የተደራረበው ግን በመሃሉ የገባው እርጥበት መውጫ የለውም፣ አየርም አያገኝም፤ ስለዚህ ሽፋኑን ሳይሠራ ይበላል።

ዶክተሩ ወደ ከድጃ ዞረው አንድ ነገር አሉ። የከድጃ እጆች ቆሙ። የእሷ እጅ ሲቆም ለእኔ መብራት እንደመጥፋት ነው። እጅጌዋን ሳብኳት።

«‹የምትመልሺው አንቺ ነሽ ወይስ እሷ?› ነው የሚሉኝ» አለችኝ። በንዴት ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ያን ዕለት ከወደቅሁ የዓመታት ልፋቴ ከንቱ መሆኑ ነው። ጋሽ ታደሰ ሊናገሩ ከወንበራቸው ሲነሱ አየሁ። ቀደምኳቸው። «እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ አንቺን ይጠይቁሽ በያቸው» አልኳት። ወንበሬን አዙሬ ተቀመጥኩ።

ግድግዳው አረንጓዴ የዘይት ቀለም የተቀባ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል እርጥበት ልጦታል። ከኋላዬ ምን እንደሚባል የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ልጣጩን አየሁ። ቆይቶ የጣውላው ወለል ከእግሬ ሥር ተርገበገበ። የሰው ሳቅ ይሁን ጠብ አልገባኝም።

የሆነውን ከድጃ የነገረችኝ በኋላ፣ ሜክሲኮ የምስር ሳምቡሳ እየበላን ነው።

«ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቋት ዶክተሩ።

«ዶክተር፣ እኔ አካውንቲንግ ነኝ። አባቴ ቆርቆሮ ይሸጣሉ፤ እኔ የማውቀው ዋጋውን ነው።»

«እሺ፣ አሁን የተናገርሽውን ድገሚልን።»

«እጇን ሳላይ አልችልም።»

የሳቁት ያኔ ነው። ሰው ትከሻዬን ነካኝ፤ ስዞር ዶክተሩ ራሳቸው ናቸው። ጎንበስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እንዳየው ቀስ እያሉ፣ ያንኑ ጥያቄ ለእኔ ደገሙት። አብራርቼ መለስኩ። አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ድልድይና ብዙ ታንከር አይቻለሁ፤ የማይሰሙ ተማሪዎችንም በየክረምቱ አስተምሬያለሁ። ያን ቀን ሳስበው ግን ከእኔ መልስ ይልቅ የከድጃ መልስ ይገርመኛል። ብዙ ሰው ፈታኝ ፊት ሲቆም ያወቀ መምሰል ይወዳል። እሷ አላውቅም አለች፤ እኔም በዚያ ተመረቅሁ።

አሁን ከድጃ አያት ሆናለች፤ ጆሮዋም እየደከመ ነው። ልጆቿ ሲጮሁባት ትናደዳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ትመጣለች። «እዚህ ማንም አይጮህብኝም» ትለኛለች በእጇ። ባለፈው ቅዳሜ ልጇ ልትወስዳት ስትመጣ፣ ጸጥ ባለው ሳሎን እንባችን እስኪወርድ ስንስቅ አገኘችን። ምን እንደሚያስቀን ጠየቀች።

«ልንገራት?» አለችኝ ከድጃ፣ እንደ ልጅነታችን በእጇ።

«አትንገሪያት» አልኳት።