አንበሳው ሙሉ ይውጣ

ቤታችን ያለው የእናቴ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ላይ የተነሳ። መሃል ላይ የአንበሳው ሐውልት ቆሟል፤ ከዘውዱ እስከ መቆሚያው ድንጋይ ምንም አልጎደለበትም። በግራ በኩል አባቴ አሉ። በቀኝ ጠርዝ የእናቴ ትከሻ፣ የነጠላዋ ጥለትና ግማሽ ጉንጯ ይታያል። የቀረው ተቆርጧል። የሞተችው እኔ ዳዴ ስል ስለሆነ ፊቷን አላውቀውም።

ልጅ ሆኜ ንዴቴ በአንበሳው ላይ ነበር። ምን ቢሆን ነው ይህን ሁሉ ቦታ የያዘው? ነገር መቆስቆስ አመሌ ነውና አስተማሪያችንን ጠየቅኋቸው። «የዘውድ ምልክት ነው» አሉኝ። ዘውዱ ከወረደ ቆይቷል፤ ታዲያ እሱ እዚያ ምን ይሠራል? አቃቂ ገበያ ሱቅ የነበራቸውን የስልጤ ሰውዬም ጠየቅሁ። «ለእኛ ለነጋዴዎች የቀጠሮ ቦታ ነው፤ ‹አንበሳው ጋ ጠብቀኝ› እንባባላለን» ብለው ሳቁብኝ።

አባቴን ግን ፈርቼ ሳልጠይቅ ኖርኩ። ዘንድሮ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከቤታችን ሥር ያለ ፎቶ ቤት ፎቶውን ወሰድኩትና የሚሠራውን ልጅ የእናቴን ፊት እንዲያወጣልኝ ለመንኩት። «እህቴ፣ ኮምፒውተር የሌለውን ከየት ያመጣል?» አለኝ ልጁ። ቤት እንደገባሁ አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ፎቶ አንሺው እናቴን ለምን ቆረጣት?»

ፎቶውን ከእጄ ተቀበሉ። «እሱ ምን አደረገ? ‹ሴትዮዋ ትጠጋ› ብሎ ነበር። አንበሳውን ትጋርዳለች፣ እሱ ሙሉ ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ለካስ ያኔ ከአቃቂ በባቡር ሄዶ ፎቶ የተነሳ ሰው፣ ተመልሶ ለመንደሩ ማሳየት ነበረበት። ሐውልት ከሌለበት «ጓሮህ ነው የተነሳኸው» ይሉታል።

«እሷንማ በየቀኑ እናያት ነበር» አሉ አባቴ። «ያልነበረን አንበሳው ነው።»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት። ነገሩ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን ተናደድኩ፤ ደግሞም አሳዘኑኝ።

እሁድ ለገሃር ወሰድኳቸው። አንበሳው እንዳለ ነው። እሳቸውን ከፊቱ አቁሜ፣ ስልኬን እንደያዝኩ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመርኩ።

«ወዴት ትሄጃለሽ?»

«አንበሳው እንዲገባ ነው፣ አባባ።»

«ተይው እሱን፤ እሱ ነገም እዚሁ ነው። ነይ ቅረቢ፣ ፊቴን አንሺ።»