ከቮሊቦል የተባረርኩ ዕለት

በአንድ ኮሌጅ የሴቶች ቮሊቦል ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነበርኩ። በዚህ ሥራ ዋናው አሰልጣኝ ሲባረር ረዳቱም ተከትሎ ይወጣል። ከሁለት ኮሌጆች እንዲህ ወጥቻለሁ፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ከሦስተኛው ወጣሁ።

የጨነቀኝ ለእናቴ መንገሩ ነው። ሌላው ሰው «መቼ ነው ደህና ሥራ የምትይዘው?» ሲለኝ እሷ አንድ ቀን ብላኝ አታውቅም። ጨዋታ ባለን ቁጥር ከምትኖርበት ከኖርዝ ሆሊውድ መኪናዋን ድራይቭ አድርጋ ትመጣለች፤ የቡድኑን ቲሸርት ለብሳ ፊት ትቀመጣለች፤ ስናሸንፍ አዳራሹን በእልልታ ታናውጠዋለች።

የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ ሰፈር ሄጄ አንዱ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። የእናቴ የቸርች ጓደኛ እትዬ አስቴር አይተውኝ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ? ሥራ እንዴት ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። «ዛሬ አባረሩኝ፣ እትዬ።»

«ከኳሱ? ጨርሰህ ወጣህ?»

«ጨርሼ።»

አይዞህ ይሉኛል ስል እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ጌታ ሆይ፣ ተባረክ!» ብለው ጮኹ። ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። «ስንት ጾምንልህ! ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ርዕሳችን አንተ ነህ። ከዚህ ኳስ ወጥቶ ነርሲንግ ይግባ ብለን!»

ደሜ ፈላ። «ማን ጸልዩለት አላችሁ? እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች?»

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ሰማሽ? ልጁን አባረሩት!»

ከስልኩ ውስጥ እናቴ፣ ስናሸንፍ የምትለውን ያንኑ እልልታ አቀለጠችው።