ሰብለን ወደ ባህር የወሰድናት ጊዜ

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ናታን ከጄኔቭ ደወለልኝ። ናታን ሥራ ስለሚበዛበት ከደወለ ወይ በዓል ነው፣ ወይ የጠፋ ወረቀት ሊጠይቀኝ ነው። የዚያን ቀን ግን፣ "እማዬ፣ ቅዳሜ በመኪና መጥቼ ልውሰድሽ። ኒስ እንሂድ፣ ባህር እንይ። ፌርየን፣ የሥራ ዕረፍት፣ ወስጃለሁ" አለኝ።

"ምነው፣ በደህና?"

"በደህና፣ በደህና። ዝም ብሎ ነው።"

አንድ ጊዜ "በደህና" ቢለኝ አምነው ነበር። ሁለት ጊዜ ሲለኝ ልቤ ድንግጥ አለ። እህቴ እትዬ አስቴር አዲስ አበባ ሆስፒታል ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ ስልኳን የሚያነሳ ሰው የለም። ኒስ ታናሽ ወንድማችን ይኖራል። ልጄ በነሐሴ ወር፣ ሳይነገር ሳይጠየቅ፣ ወደ ወንድሜ ቤት ሊወስደኝ ተነሣ። ሌላ እናት ብትሆን "ልጄ አሰበልኝ" ብላ እልል ትል ይሆናል። እኔ ግን ዙሪክ አጠገብ፣ ረገንስዶርፍ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሰብለን አስታወስኩ። ይህን ነገር በወጣትነቴ እኔም በሰው ላይ አድርጌዋለሁና።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ጄኔቭ፣ ፓኪ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ከሰብለ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። እሷ ፕላንፓሌ ሰፈር ካለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እኔ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። ሰብለ ስትስቅ ጎረቤት ግድግዳ ይመታብን ነበር። እናቷ አገር ቤት በጠና መታመማቸውን ከሰማች ወዲህ ግን ጥርሷን አይተን አናውቅም። ፍልሰታ ሲገባ ተሳለች። "እመቤቴ እናቴን ከማረችልኝ፣ ጾሙን በሙሉ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም" አለች።

ጾሙ በገባ በአምስተኛው ቀን ጋሽ ተፈራ፣ የጄኔቭ አበሻ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ እኔንና ጌታቸውን አስጠሩን። ጌታቸው ጓደኛችን ነው፤ ከመሃላችን መኪና ያለው እሱ ብቻ ነበር።

"የሰብለ እናት አርፈዋል። ተቀብረዋልም" አሉን።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

"መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋንም አይነገራትም፤ ወገን ባለበት ነው። ወንድሟ ደምሴ ጣሊያን አገር፣ ጄኖቫ አለ፤ ድንበር የሚያሻግር ወረቀት ግን የለውም። እሱ መምጣት ካልቻለ እሷን ውሰዱለት። እሁድ ማለዳ ጄኖቫ ያለው አበሻ እሱ ቤት ይሰበሰባል። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትሉ።"

ሰብለን "ወንድምሽን እናሳይሽ፣ በዚያውም ባህር እንይ" አልናት። አመነችን። ዓርብ ጠዋት ተነሣን።

የጌታቸው መኪና አሮጌ ነጭ ነበረች፤ የኋላ መስኮቷ አይዘጋም። ወደ ደቡብ በወረድን ቁጥር በዚያ መስኮት የሚገባው ነፋስ እየሞቀ፣ የጥድ ሽታው እየበረታ ሄደ። ዛፎቹ ላይ ስሙን የማላውቀው ነፍሳት ያለማቋረጥ ይጮሃል። መንገድ ዳር አንዲት ሴትዮ ኮክና በለስ ትሸጥ ነበር፤ ቆረስ አድርጋ ቅመሱ አለችን። ሰብለ አንዱን ኮክ አሸተተችና ፊት ለፊቷ መስታወቱ ሥር አስቀመጠችው። "ገና ጥሬ ነው፤ ሲበስል፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት" አለች።

እኔም አልበላሁም። እንዴት ብዬ ይወርድልኛል?

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጾመኛ የሆንሽው?" ብላ ቀለደችብኝ።

"ላግዝሽ ብዬ ነው" አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ቅዳሜ ኒስ አጠገብ ባህር ዳር ቆምን። "ዛሬና ነገ እኮ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል፤ ለምን ራስሽን ትጎጃለሽ?" አላት ጌታቸው። "የእኔ ስለት ነው፤ ቅዳሜ አያውቅም" ብላ ጫማዋን አወለቀች። ባህር አይታ አታውቅም። ከነቀሚሷ ገባችና ማዕበሉ መትቶ ጣላት፤ ብቅ ስትል ያ የድሮ ሳቋ ተመልሶ መጣ።

"ውሃውን ዋጥኩት! ጾሜ ፈረሰ?"

"ባህር እህል ነው እንዴ?" አላት ጌታቸው። እሷ ስትስቅ እኛም ሳቅን። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ነው የሳቅኩት።

ከሰዓት በኋላ መነሣት ነበረብን። ጌታቸው ቁልፉን ሲያወጣ ክንዱን ያዝኩት። "አንድ ቀን ብቻ እንጨምርላት" አልኩት።

"ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀናል እኮ።"

"ይጠብቅ።"

ምን ቀልቤን እንደነሳኝ እንጃ! ለሰብለ ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ለራሴም ነው ያዘንኩት፤ ያቺን ማለዳ ማየት ፈርቼ ነበር። ጌታቸው ከመንገድ ዳር ስልክ ለደምሴ ደወለና "መኪናው ተበላሸ" ብሎ ዋሸልኝ።

እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰብለ ያን ኮክ አወጣች። በሙቀቱ በስሎ ልስልስ ብሎ ነበር፤ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወረደ። "ሰባት ቀን ቀረኝ" አለች እየላሰች። "እናቴ እየተሻላት ነው። ይታወቀኛል።" እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሣሁና ከድንጋይ ኋላ ተደብቄ አለቀስኩ።

ሰኞ ሲነጋጋ ጄኖቫ ደረስን። እሁድ የተሰበሰበው ሰው ጠብቆ ጠብቆ ወደ ሥራው ሄዷል። ከደምሴ ጋር የነበሩት አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ጎረቤት ብቻ ናቸው። ደምሴ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ጺሙ አድጎ በር ላይ ቆሟል። ሰብለ ገና ስታየው አወቀች።

"መቼ?" አለችው።

ቀኑን ነገራት፤ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ትናንት ኮኩን ስበላ፣ እየተሻላት ነው ስልሽ፣ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"የሞተች እናቴን ማሪልኝ ብዬ ስጾም ቁጭ ብለሽ አየሽኝ?"

መልሴን ሳትጠብቅ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። "ሰዉስ? ሰው የለኝም እንዴ?" እያለች በባዶው ክፍል ዞረች። በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ብቻውን አይወድቅም፤ ግራ ቀኙን የሚይዘው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው አለ። ያን ሰው ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ልይዛት እጄን ብዘረጋ ጣቶቼን ከክንዷ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች።

"አንቺ አትያዢኝ" አለችኝ።

ሰብለ ወንድሟ ዘንድ ቀረች። በኋላ ጄኔቭ መጥታ ዕቃዋን የወሰደችው እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ዙሪክ፣ ሰርግ ላይ ተገናኘን። ተሳሳምን። ይቅርታ ስጠይቃት፣ "ባህሩ ምን አጠፋ፣ ደስ ይል ነበር" አለች። "ግን ለቅሶዬን አዘገየሽብኝ። የሚይዘኝ ሰው አሳጣሽኝ።" ከዚያ ስለ ልጆቻችን አወራን።

ጋሽ ተፈራ አልተሳሳቱም እላለሁ። ሰው መርዶን ብቻውን፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ መስማት የለበትም፤ ወጉ ደግ ወግ ነው። የተበላሸው የእኔ "ይጠብቅ" ገብቶበት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ናታን ደረሰ። መኪናውን አሳጥቧል፤ ኮክ በከረጢት ይዟል። "ጾም ነሽ አይደል እማዬ? ይሄ ፍሬ ነው፣ ችግር የለም" እያለ ዓይን ዓይኔን ሳያይ ያወራል፣ ያወራል። አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ መንገድ ምን ተሸክሞ እንደሚነዳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወደ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው ዘቅዝቄ ለብሼ ወጣሁ። ናታን ነጠላዬን አይቶ ከረጢቱን አስቀመጠ።

"ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"ማንም። ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ።"

"ዘመዶች አጎቴ ጋር ስንደርስ ነው የሚነገርሽ ብለውኛል። ወገን ባለበት ነው ብለው…"

"እውነታቸውን ነው" አልኩት። "ታዲያ አንተ ወገኔ አይደለህም? በል፣ እጄን ያዘኝና ንገረኝ።"

ያዘኝ፤ ነገረኝም።