ብርዱን የለመደ እግር

ግራ እግሬ ብርዱን የለመደው መቼ ነው? መስማት ያቆመውስ? በሁለቱ መካከል አንድ ቀን መኖር አለበት፤ ያን ቀን እስከ ዛሬ ላገኘው አልቻልኩም። በሽታዬ የሥጋ ደዌ ነበር። ክኒኑን ጨርሼ ከዳንኩ ቆይቻለሁ፤ የቀረኝ ይህ ጥያቄ ብቻ ነው።

ይርጋጨፌ አካባቢ፣ ኮንጋ አጠገብ ባለ አንድ ቡና ማጠቢያ ሦስት የለቀማ ወቅት ሠርቻለሁ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በባዶ እግር የሲሚንቶ ቦይ ውስጥ ቆሞ የተፈለፈለውን ቡና በእንጨት መግፊያ ሽቅብ፣ ወደ ውሃው መምጫ መግፋት ነው። ክፉው ውሃው ነው። ኅዳር ላይ በማለዳ ሲገቡበት ቁርጭምጭሚት ይቆርጣል። በመጀመሪያው ዓመት ሕመሙ እስከ ጉልበቴ ይወጣ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ለቀቀኝ። ሰውነት ሲለምድ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል።

በሦስተኛው ዓመት ግን ውሃው ውስጥ መግባቴን የማውቀው በዓይኔ ሆነ። ከጎኔ የምትገፋው ጠና ያለች ሴት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ትስቅብኝ ነበር።

«አንቺ፣ ይሄ እግር ነው ወይስ የእንሰት ግንድ?»

«ለምዶ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ዐሥር ዓመት ገባሁበት፤ እኔም አልለመድኩት፣ እሱም አልለመደኝ!»

ኮራሁ እንጂ አልደነገጥኩም። ተቆጣጣሪው ብርድ የማይፈራ ሰው ስለሚፈልግ የማለዳውን ተራ ሰጠኝ። ማለዳ የገባ ቀድሞ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመቴ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ የከሰዓት ፈረቃ። ተራው ቢወሰድብኝ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቀን ነጠላ ጫማዬ ወልቆ መንገድ ላይ ቀርቶ ሳላውቅ ብዙ መሄዴን ለማንም አልተናገርኩም። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቆዳዬ ላይ የወጣችውንም ነጭ ቦታ በቀሚሴ ሸፈንኳት።

አንድ ጠዋት የቦዩ ውሃ ቀላ።

«ማነው የተቆረጠው?» አለች እትዬ።

ሁላችንም እግራችንን አነሣን። የእኔ ነበር፤ ተረከዜ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቷል። እትዬ በዚያን ቀን አልሳቀችም። «ይርጋጨፌ ሰው ያውቅሻል፤ ያወራብሻል» ብላ በሚኒባስ ዲላ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ቁስሉን ያጠበችው ነርስ የነጣችውን ቦታ ብዙ አየቻት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። በጥጥ ስነካሽ ‘ነካሽኝ’ በዪ።»

ጨፈንኩ። ፈተና የምወድቅ ሰው አልነበርኩም። ትንሽ ጠብቄ «ነካሽኝ» አልኩ። ቆየሁና፣ «አሁንም።»

«እህቴ፣» አለች ነርሷ፣ «ጥጡን ገና አላነሣሁትም።»

ዓይኔን ገለጥኩ። እትዬ በሩ ላይ ቆማለች። የነገርኩት ለነርሷ አልነበረም፤ ለእሷ ነው።

«ለቀማው ከጀመረ ወዲህ አይሰማኝም። ተራዬን ይነጥቁኛል ብዬ ነው።»

«ይህን ብትነግሪኝ የማለዳውን እኔ እገፋልሽ ነበር» አለች። «እየተሳደብኩ።»